አደራ የተሰጠው ልጅ፦ የማኅበረሰብ የወጣቶች መርሐ ግብሮች ሕፃናትን የሚያከብሩበትና የሚያካትቱበት መንገድ

የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ጥያቄ አንሥቶ በተቻለ መጠን መመለስ ነው፤ ይኸውም አንድ ሕፃን ከቤቱና ከመደበኛ ትምህርቱ ውጪ፣ በኳስ ሜዳ፣ በወጣት ማእከል፣ በሰርከስ ቡድን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ በሚያሳልፈው ጊዜ የተከበረና ከባልንጀሮቹ እኩል የተቆጠረ መሆኑን በምን ያውቃል የሚለው ነው። ንግግሩ በመጀመሪያ ክብር በእንዲህ ዓይነት መርሐ ግብር ውስጥ የሚይዘውን መልክ ያብራራል፤ ቀጥሎ በዋርሶ ከተማ የነበረን አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ይመረምራል፤ ከዚያም መካተት ከመገናኘት የሚለይበትን ምክንያት ይዞ ወደ ናይሮቢ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ አገር ቤት ልማድ ይመለሳል። የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማኅበረሰብ የወጣቶች መርሐ ግብር ሲባል በሰፈር ሰዎች፣ በማኅበር፣ በእምነት ተቋም ወይም በአካባቢ አስተዳደር ተደራጅቶ፣ ልጆች በፈቃዳቸው የሚመጡበትና በፈተና ውጤት የማይመዘኑበት ተከታታይ እንቅስቃሴ ማለት ነው። የፈቃደኝነቱ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በትምህርት ቤት የተናቀ ልጅ እያለቀሰም ቢሆን በማግሥቱ ይመለሳል፣ በሰፈር ቡድን የተናቀ ልጅ ግን ድምፁን ሳያሰማ ይቀራል፣ መቅረቱንም ብዙ ጊዜ የሚያስተውል የለም። በሌላ በኩል ሕፃን የሚባለው፣ በዓለም አቀፉ የሕፃናት መብት ስምምነትም ሆነ በአፍሪካው የሕፃናት ቻርተር መሠረት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሲሆን፣ በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለውን ከ15 እስከ 29 ዓመት ላለው ይጠቀምበታል። ሁለቱ አከፋፈሎች ከ15 እስከ 17 ባለው ዕድሜ ላይ ይደራረባሉ፤ በተግባርም አንድ የወጣት ማእከል የ10 ዓመት ልጅና የ25 ዓመት ጎልማሳ ለአንድ ሜዳና ለአንድ የፑል ጠረጴዛ የሚሻሙበት ቦታ ይሆናል፣ በዚህ ሽሚያም ማን እንደሚሸነፍ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ሲገባ፣ ክብር በብዙ ቦታ ከደግነት ጋር እንደሚምታታ ማስተዋል ይገባል። ደብተር የሚያድል፣ ማልያ የሚያለብስ፣ በበዓል ቀን ልጆችን ሰብስቦ የሚያበላ መርሐ ግብር ደግ ነው፣ ሊመሰገንም ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ውስጥ ልጁ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ማልያውን የለበሰው ሌላ ልጅ ቢሆንም ምንም የሚጎድል ነገር እንደሌለ ራሱ ልጁ ያውቀዋል። በዚህ ንግግር የሚቀርበው አስተያየት ክብር ወደ ሕፃን የሚደርሰው በሁለት ነገሮች አማካይነት ነው የሚል ነው፤ አንደኛው እርሱ ባይሠራው በእውነት የሚጓደል ሥራ በእጁ ሲተውለት፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ሥራ ሲሳሳት የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ልጁን ለውርደት ያጋልጣል፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ደግሞ ምሕረት የሚያደርጉበት ነገር የሌለው ምሕረት ነው።

ለዚህ አሳብ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ በአማርኛ ተረት ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላልና። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ የ10 ዓመት ልጅ ያቦካው ሊጥ ቤተሰብ እንደማያጠግብ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ከዚህ የሚከተለው ግን ልጁን ከቡኾው ማራቅ ሳይሆን፣ ለክንዱ የሚመጥን ሊጥ የሚለካለት አዋቂ መፈለግ ነው። የማኅበረሰብ መርሐ ግብር አስተባባሪ ዋና ሙያም ይኸው መለካት ይመስላል፤ የበዛበት ልጅ ይሰበራል፣ ያነሰበት ልጅ ደግሞ የተናቀ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ይህን አሳብ ከሁሉ በላይ በተግባር ያዋሉት፣ ያኑሽ ኮርቻክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት ፖላንዳዊው አይሁዳዊ የሕፃናት ሐኪምና ደራሲ ሔንሪክ ጎልድሽሚት ናቸው። ዶክተር ኮርቻክ ከሥራ ባልደረባቸው ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር በ1912 በዋርሶ ከተማ፣ በክሮህማልና ጎዳና ላይ ወላጆቻቸውን ላጡ የአይሁድ ልጆች ማሳደጊያ ከፈቱ፤ በዚያም ቤት ውስጥ በዓመታት ሂደት የልጆች ፍርድ ቤት አቋቋሙ። ማንኛውም ልጅ በሌላ ልጅ ላይ፣ በሠራተኛ ወይም በራሳቸው በዶክተሩ ላይ ክስ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ዳኞቹ በዚያ ሳምንት ክስ ካልቀረበባቸው ልጆች መካከል በዕጣ የሚወጡ አምስት ልጆች ሲሆኑ፣ ከአዋቂዎቹ አንዱ ጸሐፊ ሆኖ ምስክርነቱን ይሰበስባል እንጂ በፍርዱ ላይ ድምፅ አይሰጥም ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሕጉ አሠራር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 99 አንቀጾች በልዩ ልዩ ምክንያት ይቅር የሚሉ ወይም ክሱን የሚዘጉ ሲሆኑ፣ ጥፋተኝነት የሚነገረው ከ100ኛው አንቀጽ ጀምሮ ነው፤ ከቤቱ መባረርን የሚያዘው የመጨረሻው አንቀጽም ቁጥሩ 1000 ነው። ሕጉን ያዘጋጁት ሰው ይቅርታን የፍርድ ቤቱ የተለመደ ውሳኔ፣ ቅጣትን ደግሞ ልዩ ሁኔታ አድርገው አስቀመጡት ማለት ነው።

ዶክተር ኮርቻክ ራሳቸው በጻፉት መሠረት፣ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ራሳቸውን ለዚህ ፍርድ ቤት አቅርበዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የአንድን ልጅ ጆሮ በጥፊ መምታታቸው፣ ሌላው አንዲትን ልጅ ያለ ማስረጃ በስርቆት መጠርጠራቸው ነበር። ይህን ያደረጉት ለትሕትና ብለው ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አዋቂ የማይገዛበት ሕግ በልጅ ዓይን ሕግ አይደለም፣ የበላይ ፈቃድ ነው። እንዲሁም ፍርድ ቤቱ ያያቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ አዋቂ የሚስቅባቸው ዓይነት ነበሩ፤ የቅጽል ስም፣ የተወሰደ እርሳስ፣ ከተራ መገፋት። ልጁ መከበሩን የሚለካው ግን አዋቂዎች ትልቅ በሚሉት ጉዳይ ላይ በሚነገርለት ቃል ሳይሆን፣ እርሱ ትልቅ በሚለው ጉዳይ ላይ በሚሰጠው ጊዜ ነው። ከዚሁ አሳብ በመነሣት ዶክተር ኮርቻክ በ1926 ልጆች የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣ አስጀመሩ፤ ጋዜጣው በዋርሶ ከሚታተም አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር ዓርብ ዓርብ እየወጣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ ጀመረበት እስከ 1939 ድረስ ዘለቀ።

በ1942 ናዚዎች የማሳደጊያውን ልጆች ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ሲወስዷቸው፣ ዶክተሩ ሊድኑ የሚችሉበት ዕድል እያለ ልጆቹን አልተውም ብለው አብረዋቸው ሄዱ፣ በዚያም ተገደሉ። ይህ ፍጻሜ በመላው ዓለም የሚነገር ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ግን እምብዛም አይነሣም፤ በተናጋሪው አስተያየት ይህ ሚዛኑን የሳተ አዘካከር ነው፣ ምክንያቱም የሰውየው አሟሟት የሚያስደንቅ እንጂ ሌላው በየሰፈሩ ሊከተለው የሚችል ሥርዐት አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ ግን ነው። በ1978 የሕፃናት መብት ስምምነት እንዲዘጋጅ ለተባበሩት መንግሥታት አሳብ ያቀረበችው የዶክተር ኮርቻክ አገር ፖላንድ ነበረች፤ ስምምነቱም በ1989 ጸድቆ፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብላዋለች። የስምምነቱ 12ኛ አንቀጽ አንድ ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ አሳቡን የመግለጽና አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢ ክብደት እንዲሰጠው የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ አሳብን መጠየቅና አሳብን መቀበል የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ለማሳየት ተመራማሪው ሮጀር ሃርት በ1992 በዩኒሴፍ በታተመ ጽሑፋቸው ስምንት እርከን ያለው መሰላል አቅርበዋል፤ ቀደም ሲል ሼሪ አርንስታይን በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ካቀረቡት መሰላል የተወሰደ ነው። የታችኞቹ ሦስት እርከኖች፣ ማለትም ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ልጆችን ማስጌጫ ማድረግ እና ለይስሙላ አንድ ልጅ መድረክ ላይ ማውጣት፣ በእርሳቸው አመዳደብ ተሳትፎ ሊባሉ አይችሉም። የድርጅት ዓርማ ያለበት ከናቴራ ለብሰው፣ የመጡበትን ምክንያት ሳይነገራቸው፣ የክብር እንግዳው እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ አበባ ያዥ ልጆች የትኛው እርከን ላይ እንደሚገኙ ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ማብራራት አያሻም። የላይኛው እርከን ደግሞ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት አዋቂ የሌለበት የልጆች መንግሥት አይደለም፤ ልጆች ያመነጩትን አሳብ ከአዋቂዎች ጋር አብረው የሚወስኑበት ነው። ሃርት ልጆች ሁልጊዜ ከላይኛው እርከን ላይ መገኘት አለባቸው አላሉም፤ መውጣት ሲፈልጉ መሰላሉ እንዳይነሣባቸው ነው ያሳሰቡት።

እስካሁን የተነገረው አንድን ልጅ ስለ ማክበር ነው፤ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ልጆችን በአንድ ቡድን ውስጥ ማካተት፣ ሌላ ችግር አለው። በሰፊው የሚታመነው ልጆችን አንድ ቦታ ማሰባሰብ በቂ ነው፣ የቀረውን ጨዋታው ይሠራዋል የሚለው ነው። ጎርደን ኦልፖርት የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 ባሳተሙት ጥላቻና አድልዎን በሚመለከት መጽሐፋቸው ይህ እምነት ብቻውን እንደማይቆም አመልክተዋል፤ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው የሚገናኙት ሰዎች በዚያ ቦታ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለግቡ ሲተባበሩ እና ሕግ ወይም ባለሥልጣን ሲደግፋቸው ነው ብለዋል። በዚያው ዓመት ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው በኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ ቦታ 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው በክረምት ካምፕ ውስጥ አስቀመጡ። ቡድኖቹ ለሽልማት መወዳደር ሲጀምሩ ስድብ፣ የባንዲራ ማቃጠልና የመኝታ ቤት ወረራ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ቢደረግም ማዕዱ ምግብ መወራወሪያ ሆነ እንጂ ዕርቅ አልመጣም። ጠቡ የበረደው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ፣ ምግብ የሚያመጣው መኪናም አልነሣ ሲል፣ ሁለቱም ቡድኖች ብቻቸውን ሊወጡት የማይችሉት ሥራ በተደጋጋሚ ሲገጥማቸው ነው።

ይህ ጥናት ሲጠቀስ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም፤ ልጆቹም ሆኑ ወላጆቻቸው የካምፑን እውነተኛ ዓላማ አልተነገራቸውም፣ ውኃውም በእርግጥ የተቋረጠው በአጥኚዎቹ ዕቅድ ነበር፤ ሸሪፍ ከአንድ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ግዛት ያደረጉት ተመሳሳይ ሙከራም ልጆቹ አንጣላም በማለታቸው ሳይሳካ ቀርቷል። ስለ መካተት ብዙ የተማርንበት ጥናት የተባለው ሥራ በዛሬው መመዘኛ ለልጆቹ ክብር የጎደለው ነበር ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ከኦልፖርት አስተሳሰብ ጋር ሲታይ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድ ቡድን ደካማውን ልጅ የሚያካትተው ሲያዝንለት አይደለም፣ ሲያስፈልገው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የጨዋታው ሕግ ደካማውን ልጅ አስፈላጊ ሊያደርገው ይችላልን የሚል ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ማታሬ በተባለው የተጨናነቀ የድኾች ሰፈር መልስ ተሰጥቶበታል። በ1987 ቦብ መንሮ የተባሉ ካናዳዊና የሰፈሩ ልጆች የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበርን መሠረቱ። በዚያ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ የማያነሣው ቆሻሻ በቤቶቹ መካከል ይከመር፣ የፍሳሹም ቦይ ይደፈን ነበርና፣ ማኅበሩ በውድድሩ ላይ አንድ ያልተለመደ ደንብ አወጣ፤ አካባቢውን ያጸዳ ቡድን በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ ይጨመርለታል። የዚህ ደንብ ጥበብ ሰፈሩን ከማጽዳት ያለፈ ነው። በተለመደው ውድድር ኳስ የማይችል ልጅ ለቡድኑ ሸክም ነው፤ አሠልጣኙ ቢያዝንለት የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያስገባዋል፣ ሁሉም ለምን እንደገባ ያውቃል። ነጥብ በአካፋም በሚገኝበት ውድድር ግን ጠዋት ተነሥቶ ቦይ የሚጠርገው ልጅ ቡድኑን ከወራጅነት ሊያድነው ይችላል፤ ምርጡ አጥቂም ከእርሱ ጎን ቆሞ ጋሪ መግፋት አለበት። ኦልፖርት የዘረዘሯቸው አራቱም ሁኔታዎች በአንድ የውድድር ደንብ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ።

ማኅበሩ ሌሎችም ተመሳሳይ ዘዴዎች አሉት። ከቢጫና ከቀይ ካርድ ሌላ ለመልካም ጠባይ የሚሰጥ አረንጓዴ ካርድ አለ፤ ዳኞቹ፣ አሠልጣኞቹና የየቀጠናው መሪዎች ከራሳቸው ከወጣቶቹ መካከል የሚወጡ ናቸው፤ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነጥብ ያጠራቀሙ ታዳጊዎችም የትምህርት ክፍያቸው በቀጥታ ለትምህርት ቤታቸው ይከፈልላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል፣ ምክንያቱም ለበጎ ፈቃድ ትርፍ ጊዜ ያለው ልጅ በቤቱ ከሁሉ የባሰ ሸክም ያለበት ልጅ ላይሆን ይችላል።

በተለይ የሴቶች ልጆች ነገር ይህን ጥያቄ ያጎላዋል። በማኅበሩ የሴቶች ልጆች እግር ኳስ የጀመረው ከምሥረታው አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። በማታሬም ሆነ በኢትዮጵያ በብዙ ሰፈሮች ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ለሴት ልጅ የውኃ መቅጃ፣ የታናናሾች መጠበቂያና የራት ማሰናጃ ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት በሩን ከፍቶ ለሁሉም ክፍት ነው የሚል ማእከል ለወንዶች ክፍት ነው ማለት ነው። ሴቶች ልጆች አልመጡም፣ ፍላጎት የላቸውም የሚለው ሪፖርት በብዙ ቦታ ይጻፋል፤ ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው ግን የልምምዱን ሰዓት ማን እንደ ወሰነው ራሱን አይጠይቅም። ታናሽ ወንድሟን ይዛ የምትመጣ ልጅ ሕፃኑን የምታስቀምጥበት ምንጣፍና የሚጠብቅላት ሰው ቢዘጋጅ፣ የዕቃው ወጪ ከአንድ ኳስ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ወደ መጨረሻው ክፍል ሲታለፍ፣ በኢትዮጵያ ልጆች ያለ አዋቂ መሪ የሚያስተዳድሩት ማኅበራዊ ሥራ ከጥንት ጀምሮ መኖሩ ሊታወስ ይገባል። በነሐሴ ወር ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ከመካከላቸው አውራጅ ይመርጣሉ፣ የሚሄዱበትን ቤት ቅደም ተከተል ይወስናሉ፣ ገንዘብ ያዥ ይሾማሉ፣ የተገኘውንም ሙልሙልና ብር በስምምነት ወይም በጠብ ይካፈላሉ። የክፍፍሉ ጠብ ራሱ ትምህርት ነው፤ ትንሹ ልጅ እኩል ይድረሰው ወይስ ግማሽ፣ ዝናብ ሲመታ ወደ ቤቱ የሮጠው ይካፈል ወይስ አይካፈል የሚሉት ጥያቄዎች ዶክተር ኮርቻክ በፍርድ ቤታቸው ካስተናገዷቸው የሚለዩ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ልማድ አዋቂዎች ባነር ሰቅለውና ዳኛ ሾመው ወደ ውድድር ቢለውጡት ልጆቹ የሚያተርፉት ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ልማዱ የሚዘላቸው ልጆች አሉ፤ በድንጋያማው የሰፈር መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩ የማይሄድለት ልጅ፣ መስማት የተሳነው ልጅ፣ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ የተፈናቃይ ልጅ በራሱ ጊዜ አይጠራም። የተደራጀ መርሐ ግብር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ መስማት የተሳናቸው ተጫዋቾች ባሉበት ጨዋታ ዳኛው ከፉጨቱ ጋር ባንዲራ ማውለብለቡ የታወቀ አሠራር ነው፣ የቡድኑ አምበል ጥቂት ምልክቶችን ከዚያው ልጅ ቢማር ደግሞ አስተማሪው ልጁ ራሱ ይሆናል።

በውጭ አገር ባሉ የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦችም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅዳሜ ወይም እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወይም በማኅበር አዳራሽ አማርኛ እንዲማር የሚላክ ልጅ አነጋገሩ ሲሰበር ይሳቅበታል፤ ያው ልጅ ግን በሳምንቱ ውስጥ ለእናቱ በሐኪም ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስተረጎመ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቦታ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ተጭኖበታል፣ በሌላው ምንም እንደማይችል ተቆጥሯል። በቅዳሜው ክፍል ለአረጋውያን ደብዳቤ እንዲያነብና ትርጉሙን በአማርኛ እንዲነግራቸው ቢደረግ፣ ሁለቱ ቋንቋዎቹ በአንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ፤ የሐኪም ቤቱን ጉዳይ ግን በእርሱ ፋንታ አዋቂ ሊያስተረጉም ይገባል።

ለልጅ ሥራን በአደራ መስጠት የሚለው አሳብ ለሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ በር እንዳይከፍት የሚሰጉ ሰዎች ስጋታቸው መሠረት አለው። በሐምሌ 1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በ31ኛው አንቀጹ ሕፃኑ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ለቤተሰቡ፣ ለኅብረተሰቡና ለአገሩ ኀላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት እንዲህ ያለ አንቀጽ ስለሌለው፣ ይህ ልዩነት ብዙ አከራክሯል። አደራን ከብዝበዛ የሚለየው መመዘኛ ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ልጁ እምቢ ማለት ይችላል ወይ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሲወሰን አብሮ ይወስናል ወይ፣ ከሥራውስ የሚያተርፈው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የሌለው ሥራ ምንም ያህል በክብር ስም ቢጠራ የጉልበት ብዝበዛ ነው።

አንድ የሰፈር ወጣት ማእከል ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አንድ ነገር ልሞክር ቢል፣ በትልቅ የልጆች ምክር ቤት ምሥረታ ባይጀምር ይመረጣል፤ የኳስ መጋዘኑን ቁልፍ በየወሩ በዕጣ ለሚወጡ ሁለት ልጆች፣ ለአንዲት ሴትና ለአንድ ወንድ ልጅ፣ ቢሰጥ ይበቃዋል። ቁልፉን የያዙት ልጆች ኳስ ሲያወጡና ሲመልሱ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ ያልመለሰ ሲኖር ጉዳዩን በዕጣ ለወጡ አምስት ልጆች ያቀርባሉ፤ አስተባባሪውም ኳስ ሲወስድ እንደ ማንም ይፈርማል። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ኳስ መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ የማእከሉ ኮሚቴ ዓመታዊ በጀቱን ሲያጸድቅ ለሚጠፉት ሁለት ወይም ሦስት ኳሶች መተኪያ ገንዘብ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ ካልተደረገ ቁልፉ ገና በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጥበቃው ኪስ ይመለሳል፣ የልጆቹም መዝገብ እንደ ተጀመረ ይቀራል።